የፖከር ውድድርን የሚያሸንፈው ዕድለኛው ነው ወይስ ደፋሩ?

ጥያቄ፦ ስምንት ሆነን በየወሩ አንድ ቅዳሜ ማታ ቴክሳስ ሆልደም (እያንዳንዱ ሰው ሁለት የተደበቁ ካርታዎች ይዞ፣ ጠረጴዛው ላይ ከሚወጡት አምስት የጋራ ካርታዎች ጋር የሚጫወተውን ፖከር) እንጫወታለን። መዋጮው አነስተኛ ነው፤ የተሰበሰበውንም የሚወስደው አንድ ሰው ብቻ ነው። ባለፉት ስድስት ወራት የባለቤቴ ወንድም አራት ጊዜ አሸንፏል። እሱ የደረሰው ካርታ ምንም ይሁን ምን ገንዘብ እየጨመረ ሰውን ያስጨንቃል፤ እኔ ግን ጥሩ ካርታ እስኪመጣልኝ በትዕግሥት እጠብቃለሁ፤ ሲመጣልኝም ሁሉም ካርታውን ጥሎብኝ ይወጣል። እሱ «ውድድር የደፋር ነው» ይላል፤ እኔ ደግሞ ዕድል ነው እላለሁ። ማናችን ትክክል ነን?
አንድ አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ወደ እርስዎ ጠረጴዛ ከመመለሳችን በፊት በቴሌቪዥን የተቀረጸና ብዙ የተባለለት አንድ ውድድር እናንሣ። በ2003 በላስ ቬጋስ፣ በቢንየንስ ሆርስሹ ካዚኖ በተካሄደው የዓለም ፖከር ሻምፒዮና ዋና ውድድር ላይ 839 ሰዎች ተሰልፈው ነበር፤ የመግቢያው ዋጋ 10,000 ዶላር ነው። ሻምፒዮናውንና 2.5 ሚሊዮን ዶላሩን የወሰደው ግን በኢንተርኔት በተደረገ አነስተኛ ማጣሪያ አልፎ የመጣ ክሪስ መኒሜከር የተባለ የቴኔሲ የሒሳብ ባለሙያ ነው። (የቤተሰብ ስሙ በእንግሊዝኛ «ገንዘብ ሠሪ» ማለት መሆኑ የእኛ ፈጠራ አይደለም።)

ከዚያ ውድድር ሁለት እጆች (እጅ ማለት አንድ ዙር የካርታ ዕደላ ነው) ለክርክራችሁ ይጠቅማሉ። የመጀመሪያው አሥር ሰዎች ብቻ ሲቀሩ የሆነ ነው። መኒሜከር አስና ንግሥት፣ ዛሬም ከታላላቆቹ ተጫዋቾች አንዱ የሆነው ፊል አይቪ ደግሞ ሁለት ዘጠኝ ይዘው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ንግሥትና አንድ ስድስት ወጡ፤ መኒሜከር መራ። አራተኛው ካርታ ዘጠኝ ሆነና አይቪ ፉል ሃውስ (ሦስት አንድ ዓይነት ካርታና አንድ ጥንድ) ሞላለት። በዚያች ቅጽበት መኒሜከርን ሊያድኑት የሚችሉት ካልታዩት 44 ካርታዎች ሰባቱ ብቻ ነበሩ፤ ይህም 16 በመቶ ያህል ነው። የመጨረሻው ካርታ አስ ሆነ፤ መኒሜከር የበለጠ ፉል ሃውስ ሠራ፤ አይቪም በአሥረኛነት ተሰናበተ። ይህን ዕድል ከማለት በቀር ሌላ ስም አናገኝለትም።

ሁለተኛው እጅ መኒሜከርና ሳም ፋርሃ የተባለው ተጫዋች ብቻቸውን ሲቀሩ የመጣ ነው። መኒሜከር ንጉሥና ሰባት ይዞ ቀጥታም (አምስት ተከታታይ ካርታ) ሆነ አምስት አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው ካርታዎች እንዲሟሉለት ሲጠብቅ ቆየ፤ አንዱም አልተሟላም። ባዶ እጁን ቺፑን (በገንዘብ ፈንታ የሚያስይዙበትን መጫወቻ) በሙሉ ገፋ። ፋርሃ የዘጠኝ ጥንድ ይዞ፣ ማለትም እያሸነፈ፣ ብዙ አሰበና ካርታውን ጣለ። እዚህ ላይ ካርታው መኒሜከርን አልረዳውም፤ የረዳው ፋርሃ ከውድድሩ ለመውጣት ያልፈለገ መሆኑ ነው።

እንግዲህ የማጥቃት ጥቅም እዚህ ላይ ነው። የሚጠብቅ ሰው የሚያሸንፈው በአንድ መንገድ፣ የተሻለ ካርታ በማሳየት ብቻ ሲሆን፣ የሚገፋ ሰው ግን ካርታው ሳይታይ ተቃዋሚው ሲወጣለትም ያሸንፋል። በቁጥር እንየው። ጠረጴዛው ላይ 3,000 ቺፕ አለ እንበል፤ እርስዎ በደካማ ካርታ ያለዎትን 12,000 በሙሉ ገፉ። ይህንኑ መቶ ጊዜ ቢያደርጉና ተቃዋሚዎ 60 ጊዜ ቢወጣ 180,000 ያገኛሉ። በቀሩት 40 ጊዜያት እኩል ቺፕ አስይዞ ተቀብሎዎት እርስዎ 14ቱን ብቻ ቢያሸንፉ 210,000 ያገኛሉ፣ በ26ቱ ደግሞ 312,000 ያጣሉ። ተደማምሮ 78,000 ትርፍ ነው፤ ያውም ከተቀበልዎት ሰው ያነሰ ካርታ ይዘው። አሁን ያው ተቃዋሚ 80 ጊዜ ይቀበልዎት፤ የማሸነፍ ድርሻዎም እንደነበረ ይቀጥል፤ ሒሳቡ ወደ 144,000 ኪሳራ ይገለበጣል። ስለዚህ ድፍረት የሚያዋጣው ካርታውን የሚጥል ሰው ሲኖር ነው። የባለቤትዎ ወንድም ትርፍ አብዛኛውን ጊዜ ከእርስዎ ትዕግሥት የሚመነጭ ይመስለናል። እርስዎ ሲገፉ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚሸሽበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከጥሩ ካርታ በቀር ይዘው እንደማይገፉ ያውቃል።

በውድድር ላይ የመጠበቅ ጉዳት ይበልጥ ይከፋል፤ በግዴታ የሚቀመጠው ገንዘብ፣ ብላይንድ የሚባለው፣ በየተወሰነ ጊዜ ስለሚያድግ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ሳይጫወት ያልቃል። በእናንተ ቤት ደግሞ ሁለተኛ የወጣ ምንም ስለማያገኝ እስከ መጨረሻው በጥንቃቄ መቆየት በራሱ ዋጋ የለውም።

ታዲያ ዕድል የት ገባ? በ2003ቱ ውድድር እያንዳንዱ ሰው የጀመረው በ10,000 ቺፕ ስለሆነ፣ 839 ሰዎች የያዙትን ሁሉ ለመሰብሰብ ቺፕን ወደ 10 ጊዜ ያህል ማጠፍ ያስፈልግ ነበር። እያንዳንዱ እጥፍ እንደ ሳንቲም ውርወራ ግማሽ በግማሽ ቢሆን የሚሳካው ከ1,024 አንድ ጊዜ ነው። በጣም ጥሩ ተጫዋች ሆኖ እያንዳንዱን በ60 በመቶ ቢያሸንፍስ? ከ165 አንድ ጊዜ ይሆናል። ከስድስት እጥፍ በላይ ተሻለ ማለት ነው፤ ግን ከ165ቱ 164 ጊዜ ተሸንፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በዚያው ሳምንት እንደ መኒሜከር ደፍረው ገፍተው፣ ተቃዋሚያቸው ተቀብሏቸው የወጡ ብዙዎች ነበሩ፤ የሚነገርላቸው ግን የለም።

የእናንተን ስድስት ወራት በተመለከተ፣ ስምንታችሁም እኩል ብትሆኑ ከመካከላችሁ አንዱ ከስድስት አራት ወይም ከዚያ በላይ የማሸነፉ ዕድል ከ1,000 ውስጥ 24 ያህል ነው። ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን እኛ ብንሆን በአጨዋወቱ እንጂ በዕድሉ ላይ አንፈርድም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደህና ጥንድ ሲይዙና እሱ ሲገፋ ይቀበሉት፤ አንድ ምሽት ቢያሸንፍዎትም አይደንግጡ።

ጥያቄ፦ ማጥቃት ይህን ያህል ከጠቀመ ካርታ ሳያዩ በየእጁ ሁሉንም ቺፕ መግፋትስ?
ሌላ አንባቢ

መልስ፦ ዘጠኝ ሰዎች ባሉበት ጠረጴዛ ከስምንቱ ተቃዋሚዎችዎ ቢያንስ አንዱ ሁለት አስ ወይም ሁለት ንጉሥ የመያዙ ዕድል በአንድ እጅ 7 በመቶ ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል፤ በ30 እጅ ውስጥ ግን ቢያንስ አንድ ጊዜ የመከሰቱ ዕድል ወደ 90 በመቶ ይጠጋል፤ ሁለት አስ የያዘ ሰው ደግሞ አይወጣልዎትም። በአንድ ጠረጴዛ 30 እጅ የሚታደለው በአንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ ጠረጴዛ ከምሽቱ በፊት ይነሣሉ።