ቮልስህን ከመፍታትህ በፊት ፑሌውን ጎትት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በፈረንጅ 1967 የተሠራ ቮልስ ገዝተሃል፤ ሞተሩ 1300 ነው። ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፣ ከሥሩም ዘይት ያንጠባጥባል። ሜካኒክህ «ፒስተንና ፋሻ (የፒስተኑን ቀለበት) እንቀይርለት» አለህ። ጓደኛህ ደግሞ ሶማሌ ተራ ሄደህ ያገለገለ ሞተር ግዛ ይልሃል። አንተ ግን ራስህ ልትፈታው ፈልገሃል።

እኔ የአባቴን ቮልስ ሞተር ሁለት ጊዜ ፈትቼ ገጥሜዋለሁ። ሁለተኛው የመጣው በመጀመሪያው ጥፋቴ ነው። ስለዚህ የምነግርህን አንዴ የተቀጣ ሰው ምክር ነው ብለህ ስማኝ።

ገና ምንም አትፍታ። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ፣ ከኋላ ገብተህ ቺንጋው የሚዞርበትን የታችኛውን ፑሌ በሁለት እጅህ ያዘው። ወደ አንተ ጎትት፣ መልሰህ ግፋ። የክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) የፊትና የኋላ ጨዋታ ከ0.15 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም። ይህ በዓይን የማይታይ ነገር ነው። ፑሌው በግልጽ ወጣ ገባ ካለ፣ «ጓ፣ ጓ» ካለ፣ በፒስተንና በፋሻ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ብሮንዚናው (ክራንክ ሻፍቱ የሚዞርበት ማቀፊያ) ወይም የሞተሩ አካል ራሱ ተበልቷል። በዚያ ላይ አዲስ ፒስተን መግጠም ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ውስጥ ምንጣፍ እንደመቀየር ነው።

ጭሱንም በደንብ እየው። ቮልስ ሲሊንደሮቹ የተጋደሙ ናቸው። አድሮ ሲነሳ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ቱፍ ብሎ ቢጠፋ ችግር የለውም። እየነዳህ፣ በተለይ ቁልቁለት ወርደህ ነዳጅ ስትሰጠው የሚከተልህ ከሆነ ግን ፋሻው ወይም የቫልቭ ጋይዱ (ቫልቩ የሚንሸራተትበት ቱቦ) አልቋል። ጥቁር ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ካርቡራቶር ነው፣ ሞተር አያስፈታም።

የዘይቱ ነገር ብዙ ጊዜ ከታየው ያነሰ ነው። ከቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ ክዳን) ወደ ሞተሩ አካል የሚሄዱት ስምንቱ ቱቦዎች ጫፋቸው ላይ ጎማ አላቸው። ጎማው ሲደርቅ ያፈሳል። እነሱን ስትቀይር ቱቦውን በእጅህ ሳብ አድርገህ ወደ 190 ሚሊ ሜትር አስረዝመው፤ ስፌቱም ወደ ላይ ይሁን። ስፌቱን ወደ ታች የገጠመ ሰው በወሩ ይመለሳል።

ስለ ያገለገለ ሞተር ሁለት ነገር ልበልህ። ሊብሬህ ላይ የሞተር ቁጥር አለ። ከዲናሞው መቆሚያ ሥር የተመታውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያየው፤ የአንተ ዘመን 1300 በ«ኤፍ» ነው የሚጀምረው። ሌላ ሞተር ስታስገባ ወረቀቱም አብሮ መስተካከል አለበት። ሁለተኛው ቮላኖው ነው፤ ክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ የሚታሰረው ባለ ጥርስ ክብ ብረት። የ6 ቮልት መኪና ቮላኖ 109 ጥርስ አለው፣ የ12 ቮልቱ 130። ሳታይ ገዝተህ ከመጣህ ካምቢዮው አይቀበለውም፣ ወይም አስነሺው ሞተር ጥርሱን ይፈጫል።

ልፍታው ካልክ፣ ማውረዱ ቀላል ነው። ባትሪውን ከኋላ ወንበር ሥር ንቀል፣ የነዳጅ ጎማውን ዝጋ፣ ገመዶቹን ፍታ። ከካምቢዮው ጋር የሚይዙት አራት ብሎኖች ናቸው። ብቻህን አታውርደው፣ ከባድ ነው።

ከባዱ የቮላኖው መሃል ዳዶ ነው። 36 ቁጥር ነው፤ የሚጠብቀውም በ30 ኪሎ ግራም ሜትር ነው። ቶርክ ሬንች ከሌለህ ከመሃሉ ግማሽ ሜትር ራቅ ብሎ 60 ኪሎ ሰው ሲጫነው በግምት ያን ያህል ይሆናል። ስትፈታ ረጅም ቱቦና ትዕግሥት ያዝ። እኔና የአክስቴ ልጅ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ የታገልነው ከእሱ ጋር ነው።

ሁለቱን የሞተር ግማሾች ስትለያይ መሃላቸው ካቻቢቴ እንዳትከት። አካሉ ማግኒዚየም ነው፣ ለስላሳ ነው። አንዴ ከተቧጠጠ ዕድሜ ልኩን ዘይት ያፈሳል፤ መሃሉ ላይ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) የለማ! በእንጨት መዶሻ ቀስ እያልክ ምታው። የማይለቅ ከሆነ ያልፈታኸው ዳዶ አለ ማለት ነው። የወጣውን ሁሉ በየቦታው በእንቁላል ካርቶን ደርድር፣ ቁጥር ጻፍበት።

ከዚያ መለካት ነው። ክራንክ ሻፍቱ የሚቀመጥባቸው ሦስቱ ትልልቅ ቦታዎች አዲስ ሲሆኑ 55 ሚሊ ሜትር ናቸው፣ አራተኛው 40። ቶርኖ ቤት ሄደህ አስለካ። ከተፈተገ ብሮንዚናው በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። አካሉንም አብሮ አስለካ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። ቴስታታው ላይ ደግሞ በቫልቩና በካንዴላው ቀዳዳ መሃል ስንጥቅ ፈልግ።

ስትገጥም አንድ ዳዶ ባጠበቅህ ቁጥር ክራንክ ሻፍቱን በእጅህ አዙረው። ከከበደህ አቁም። ብሮንዚናው እንዳይዞር ከሚይዘው ፒን ላይ አልተቀመጠም። «ሲነሳ ይላላል» የሚልህን ሰው ሻይ ጋብዘህ ሸኘው።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት። ቮልስ ራዲያተር የለውም፤ የሚበርደው በአየርና በዘይት ነው። ሞተሩን የሸፈኑት ላሜራዎች ጌጥ ይመስላሉ። እኔም አንዱ ዝጎ ስለተበሳ፣ ሌላው ቡሎኑ ስለጠፋ፣ ትቻቸው ገጠምኩ። በሞተሩ ዙሪያ ያለውን ጎማም አልመለስኩም። ሞተሩ አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ሰዓት ሠራ። ከዚያ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄድን። አባይ በረሃን ወርደን፣ ድልድዩን ተሻግረን፣ ወደ ደጀን መውጣት ስንጀምር ጉልበቱ ጠፋ። ቁጥር 3 ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቩ ተቃጥሏል።

ለምን 3? በአንተም በእኔም ዘመን ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው ቆሞ ወደ 3 የሚሄደውን አየር ይጋርዳል። ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ከዚያ ያነሳው ለ1971 ሞዴል ነው። እሱ ሲሊንደር በደህናው ቀንም የሚደርሰው ትንሽ ነው። ላሜራው ሲጎድል ደግሞ ሞተሩ ራሱ ያሞቀውን አየር መልሶ ይስባል። እኔ አዲስ ፒስተን ገጥሜ ያረጀ ቆርቆሮ ናቅሁ። ላሜራ ሠሪ ጋር ሄጄ ባሠራው ኖሮ ከፒስተኑ ዋጋ ጋር አይወዳደርም ነበር።

የቫልቩን ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ በ0.15 ሚሊ ሜትር አስተካክል። 2 ሊትር ተኩል ዘይት ጨምር። ካንዴላዎቹን አውጥተህ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በአስነሺው ብቻ አዙረው። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱን ለውጥ፣ ቫልቩን ድጋሚ እይ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ካርቡራቶሩ ነዳጅ ያበዛል። የበዛው ነዳጅ የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል፣ አዲሱ ፋሻ አይቀመጥም። የካርቡራቶሩን ዋና ጄት (ነዳጁ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) በአንድ ቁጥር አሳንሰው።

እስቲ ነገ ጠዋት ሳታስነሳው ፑሌውን ጎትትና ያየኸውን ጻፍልን። የላሜራዎቹንም ፎቶ ከላይም ከሥርም አንስተህ ለጥፍ፤ የጎደለውን አብረን እንቆጥረዋለን።