ጌሙ ተራዘመ፣ ቀብድ ልክፈል ወይስ ልቆይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጂቲኤ 6 የተባለው የቪዲዮ ጌም እ.ኤ.አ. በ2025 ይወጣል ተባለ፣ ከዚያ ወደ ሜይ 2026፣ ቀጥሎ ደግሞ ወደ ኖቬምበር 19 ገፉት። ቴክኒኩ አቅቷቸው ይሆን? አንድ ዕቃ አምጪ ቀብድ ክፈል እያለኝ ነው። ሰፈር ጌም ቤት በፒኤስ 4 (በሶኒ ጌም ማጫወቻ፣ ፕሌይስቴሽን 4) ነው የምጫወተው። (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መራዘሙ ብቻውን አያስፈራም። የሚያስፈራው ሳይበስል የወጣ ጌም ነው። ሳይበርፐንክ 2077 የሚባለው ጌም በ2020 ከአፕሪል ወደ ሴፕቴምበር፣ ወደ ኖቬምበር፣ በመጨረሻም ወደ ዲሴምበር 10 ተገፍቶ እንኳን በፒኤስ 4 ላይ ሲወጣ መከራ ነበር፤ ሶኒም ከኦንላይን ሱቁ አንስቶት የመለሰው በ2021 ጁን ላይ ነው። ችግሩ ምን መሰለህ? ሰፊ ከተማ ውስጥ መኪና ስትነዳ ፊትህ ያለው ሕንፃና መንገድ በየሰከንዱ ከዲስክ እየተነበበ መድረስ አለበት፣ የፒኤስ 4 ሃርድ ዲስክ ደግሞ ቀርፋፋ ነው፣ ስለዚህ ግድግዳው ደብዝዞ ይቀራል ወይ ጌሙ ራሱ ይዘጋል። አንዱን ስህተት ሲያርሙ ሌላው ብቅ ይላል፤ ቀኑን የሚበላው ይሄ ነው።

ያንተ ጣጣ ግን ሌላ ነው። ጂቲኤ 6 የተነገረው ለአዳዲሶቹ ማጫወቻዎች፣ ለፒኤስ 5 እና ለማይክሮሶፍቱ ኤክስቦክስ ሲሪስ ብቻ ነው። ቀኑ ቢደርስም በሰፈርህ ፒኤስ 4 አይሠራም (ባለቤቱ ይሠራል ቢልህም አትመነው)። ቀብዱን ተወው። ጌሙ ወጥቶ ሰው ሲጫወተው እይ፣ ከዚያ ፒኤስ 5 ያለው ጌም ቤት ፈልግ።