ቀለምን ከጎረቤቱ ጋር እዩት፦ ለወጣት ሠዓሊዎች

ወጣት ሠዓሊዎች ሥራቸውን ሲያሳዩኝ ከመሐሉ አንድ የከተማ ሥዕል አይጠፋም። ፎቅ አለ። መኪና አለ። የሚተራመስ ሰው አለ። እጃቸው ጎበዝ ነው፤ ፎቁም ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከተማው ግን የለም። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ፣ "ዕቃውን ሣላችሁ እንጂ ዓይናችሁን የነካውን ነገር አልሣላችሁም" እላቸዋለሁ። እንዲህ ያለ መልስ ለተናጋሪው ግልጽ ነው፤ ለሰሚው ግን እንቆቅልሽ ይሆንበታል። ስለዚህ ዛሬ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍላችሁ። የማስረዳችሁም በአንዲት ሠዓሊ ሥራ ነው፤ በሶኒያ ዴሎኔ።

ሶኒያን የማታውቋት ካላችሁ አይፈረድባችሁም። ለረጅም ጊዜ ቀድሞ ሲጠራ የኖረው የባሏ የሮበርት ዴሎኔ ስም ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ለጀማሪ ሠዓሊ የበለጠ የምታስተምረው እሷ ናት። ሮበርት ስለ ቀለም መጻፍና መከራከር ይወድ ነበር። እሷ ደግሞ ቀለሙን እጇ በገባ ነገር ሁሉ ላይ ሞከረችው። ክርክር የሚወድ ተማሪ ሮበርትን ይመርጣል፤ ይሄን ታዝቤያለሁ።

የተወለደችው በ1885 ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የትውልድ አገሯ ዛሬ ዩክሬን ነው፤ ያኔ በሩሲያ ግዛት ሥር ነበር። ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ባለጸጋ አጎቷ ዘንድ አደገች። ጀርመን አገር ካርልስሩኸ ሄዳ ሥዕል ተማረች። ከዚያ ፓሪስ ገባች። በ1908 "ቢጫ እርቃን" የሚባለውን ሥዕል ስትሠራ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበረች። የሴትየዋ ገላ ቢጫ ነው፤ ጥላው አረንጓዴ ነው። ቀለም የገላ አገልጋይ መሆኑ ያኔውኑ ቀርቷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ1910ዎቹ መጀመሪያ የኤሌክትሪክ መብራት ለፓሪስ ጎዳናዎች ገና አዲስ ነገር ነበር። ሶኒያ በሳን ሚሼል ጎዳና ማታ ማታ ያየችው ይሄን መብራት ነው። የመንገድ መብራትን ትኩር ብላችሁ ካያችሁት አምፖል ብቻ አይደለም። ዙሪያውን ክብ ብርሃን አለው። ክቡ ወደ ውጪ በሰፋ ቁጥር ቀለሙ ይለወጣል። ሁለት መብራቶች ሲቀራረቡ ክቦቹ ይነካካሉ፣ አንዱ አንዱን ይቆርጠዋል። ሶኒያ ይህንን በወረቀት ላይ ደጋግማ አጠናችው። በ1914 "የኤሌክትሪክ ፕሪዝሞች" የተባለውን ትልቅ ሥዕል ጨረሰች፤ ፕሪዝም ብርሃንን ወደ ቀለማት የሚበትን መስታወት ነው። ቁመቱም ወርዱም 250 ሴንቲ ሜትር ነው።

ሥዕሉ ላይ የመብራት ምሰሶ ብትፈልጉ አታገኙም። ያለው ክብና የክብ ስባሪ ነው። ቀይ ከአረንጓዴ ጎን፣ ሰማያዊ ከብርቱካናማ ጎን። ከታች በኩል በጥንቃቄ ካያችሁ መንገደኞች አሉ፤ ቀለሙ ሊውጣቸው ምንም አልቀረው። ከተማው ግን እዚያው አለ። ማታው አለ። ግርግሩ አለ። ፎቅ ሳትሥል ከተማ ሣለች።

ይሄ በተአምር አልመጣም። መልሱ ከእሷ በፊት በአንድ ኬሚስት እጅ ላይ ነበር። ሚሼል ኤዥን ሼቭሬል ይባላል። ሰውየው በ1824 በፓሪስ የጎብላን የግድግዳ ምንጣፍ ሽመና ድርጅት የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ሲገባ የጠበቀው ቅሬታ ነው። "ጥቁሩ ክር ጉልበት የለውም፤ ይደበዝዛል" ይሉታል። በተለይ በሰማያዊና በሐምራዊ ልብስ ላይ ጥላ ሆኖ የገባው ጥቁር። ሼቭሬል ጥቁሩን ክር ከሌላ ቦታ ካስመጣው ጥቁር ክር ጋር አስተያየው። ምንም አላነሰም። ማቅለሚያው ደህና ነው። ባለሙያውም ደህና ነው።

ጥቁሩ ጥፋት አልነበረበትም። ጣጣው ያለው ከጎኑ በተቀመጠው ቀለም ላይ ነው። ዓይን ሁለት ቀለሞችን ባንድ ጊዜ ሲያይ ልዩነታቸውን ያጋንናል። ሰማያዊ ከጎኑ ባለው ነገር ላይ የተቃራኒውን፣ የብርቱካናማን ጥላ ያሳድራል። ጥቁሩም የነጣ፣ ወደ ቡኒ የሄደ ይመስላል። ክሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው እይታው ነው። ሼቭሬል ይህንን ሕግ በ1839 በትልቅ መጽሐፍ አወጣው። ሠዓሊዎች ተቀባበሉት፤ ዴሎኔዎችም የሥራቸው መሠረት አደረጉት።

ይህን ታሪክ ለተማሪ መንገር የምወደው በምክንያት ነው። ቀዩ አልደምቅ ሲለው ተማሪ ምን ያደርጋል? ከዚያው ቱቦ ይጨምራል። ቀይ በቀይ ላይ። ቀለሙ ይወፍራል እንጂ አይደምቅም፤ ገንዘቡም ያልቃል። ቀዩን ተዉት። ከጎኑ ያለውን ለውጡት። ግራጫውን ትንሽ ወደ አረንጓዴ ሳብ አድርጉትና ቀዩ ምን እንደሚሆን እዩ።

አትመኑኝ፤ ራሳችሁ ሞክሩት። ከአንድ ግራጫ ወረቀት ሁለት እኩል ቁራጭ ቁረጡ። አንዱን ሰፊ ቢጫ ወረቀት መሐል፣ ሌላውን ሰፊ ሰማያዊ ወረቀት መሐል አስቀምጡ። ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተመልከቱ። ቢጫው ላይ ያለው ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሰማያዊው ላይ ያለው ይሞቃል፤ ፈካ ይላል። አንድ ወረቀት መሆናቸውን እያወቃችሁ እንኳ ዓይናችሁ እሺ አይልም። ይህን ከሠራችሁ በኋላ ለጥቂት ቀን ቡርሹን ተዉትና ወረቀት ብቻ እየቆረጣችሁ ሥሩ። ቡርሽ ሲኖር እጅ ወደ ለመደው መስመር ይሄዳል። መቀስና ወረቀት ግን ቀለምን ብቻ እንድታስቡ ያስገድዳሉ።

ቀጥሎ መንገድ ላይ ውጡ። ማታ ይሻላል። ቅርጽ አትንደፉ። ጥንድ ጥንዱን ብቻ መዝግቡ። የቀይ የፍሬን መብራት ከእርጥብ አስፋልት ጋር። የስልክ ብርሃን ያረፈበት ፊት ከኋላው ካለው ጨለማ ጋር። የሱቅ ነጭ መብራት ከአላፊ ቢጫ ጃኬት ጋር። በቃል መጻፍ ይበቃል፤ ቤት ገብታችሁ በቀለም ታወጡታላችሁ። ፎቶ አንስቼ ልምጣ የሚል ይኖራል። ስልክ ግን የብርሃኑን ቀለም በራሱ ጊዜ ያስተካክለዋል። እናንተ ልትይዙት የሄዳችሁትን ነገር ጠርጎ፣ አጽድቶ ያስረክባችኋል።

ሌላው የምወደው ሥራዋ የ1913ቱ "ባል ቡልዬ" ነው። ባል ቡልዬ የፓሪስ የጭፈራ አዳራሽ ነበር። ዴሎኔዎች ከጓደኞቻቸው ጋር ይሄዱበት ነበር። ታንጎ ገና ፋሽን የሆነበት ጊዜ ነው። ሥዕሉ አራት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ርዝመት አለው፤ ቁመቱ ግን አንድ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ባንድ እይታ አይያዝም። ዓይን ከጫፍ እስከ ጫፍ መሄድ አለበት። ሲሄድ ጨፋሪዎቹን በቀለም ያገኛቸዋል፤ ይጠፉበታል፤ እንደገና ያገኛቸዋል። ጭፈራው ያለው በሰዎቹ እግር ሳይሆን በተመልካቹ ዓይን ሂደት ውስጥ ነው። የሸራውን ቅርጽ ከመምረጥ በፊት ይህን አስቡ። ብዙዎቻችሁ ሱቅ ያገኛችሁትን ልክ ገዝታችሁ ሐሳቡን እዚያ ውስጥ ትጨምቁታላችሁ። በነገራችን ላይ ይሄ ሥዕል የተሠራው በፍራሽ ጨርቅ ላይ ነው። "ጥሩ ሸራ የለኝም" የሚል ሰው ሲመጣብኝ ይሄንን አነሳለሁ።

ጨርቅ ካነሳን አይቀር፣ ከዚያ በፊት በ1911 ለተወለደላት ልጅ የሠራችው ብርድ ልብስ አለ። የዩክሬን ገበሬዎች እንደሚሠሩት የጨርቅ ቁርጥራጭ ገጣጥማ ሰፋችው። ሲያልቅ ጓደኞቿ አይተው የዘመኑን አዲስ ሥዕል አስታወሳቸው። ዛሬ ብርድ ልብሱ በፓሪስ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ነው። በ1913 ደግሞ ከገጣሚው ብሌዝ ሳንድራር ጋር ሁለት ሜትር የሚረዝም፣ የሚታጠፍ መጽሐፍ አወጣች። ግጥሙ የሚወርደው ከቀለሞቿ ጎን ነው። እቅዳቸው 150 ቅጂ ማተም ነበር። ሁሉም ተዘርግተው ጫፍ ለጫፍ ቢያያዙ 300 ሜትር፣ ማለትም የኤፍል ማማን ቁመት ያህላሉ ብለው ነው። ያን ያህል አልታተመም። ሐሳቡ ግን የወጣት ሐሳብ ነው፤ ደስ ይላል።

አሁን ብዙ ጊዜ ወደምትጠይቁኝ ጉዳይ ልግባ። "ለእንጀራ የምሠራው ሥራ ሥዕሌን ይገድለዋል ወይ?" አርማ ትሠራላችሁ፤ ቲሸርት፣ ፖስተር ትሠራላችሁ። ታፍሩበታላችሁም።

ሶኒያ እስከ 1917 ከሩሲያ የሚመጣላት የቤት ኪራይ ገቢ ነበራት። አብዮቱ ሲፈነዳ ተቋረጠ። ያኔ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ከባሏና ከልጇ ጋር ስፔንና ፖርቱጋል ነበሩ። ማድሪድ ውስጥ ልብስና የቤት ማስጌጫ የምትሸጥበት ሱቅ ከፈተች። ለሩሲያዊው ዲያጊሌቭ የባሌት ጭፈራ ቡድን የመድረክ ልብስ ሠራች። በ1921 ፓሪስ ተመለሱ። በ1923 የፈረንሳይ ከተማ በሆነችው ሊዮን ያለ አንድ ሐር አምራች የጨርቅ ንድፍ አዘዛት። በ1925 በፓሪስ በተካሄደው ትልቁ የጌጥ ጥበባት ኤግዚቢሽን ላይ፣ በአሌክሳንደር ሣልሳዊ ድልድይ ከልብስ ባለሙያው ዣክ ኤም ጋር ሱቅ ነበራት። መኪና ሳይቀር ከልብሶቿ ጋር በሚሄድ ንድፍ ተቀብቷል። ቤቱን በዚህ ጊዜ ያኖረው የእሷ ሥራ ነው።

ሥዕሏ ሞተ? አልሞተም። ነገር ግን በዚያ አሥር ዓመት የሣለችው ጥቂት ነው፤ ይህንን መደበቅ አልፈልግም። ብዙ ሰዎችም ለረጅም ጊዜ "የጨርቅ ባለሙያ" ብለው ወደ ጎን አድርገዋታል። ዋጋ ከፍላለች። ያገኘችውም አለ። ሸራ ላይ ያለ ቀለም ዝም ብሎ ይቀመጣል። ልብስ ላይ ያለ ቀለም ግን ይራመዳል፤ ይታጠፋል፤ ሌላ ልብስ አጠገብ ይቆማል። የቀለምን ጎረቤት መቆጣጠር የማትችልበት ቦታ ገብታ ሠርታለች። በ1937ቱ የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ለአቪዬሽኑ ሕንጻ የአውሮፕላን ሞተርና ፕሮፔለር የያዙ ግዙፍ የግድግዳ ሥዕሎች ስትሠራ እጇ ያልተፈታው ለዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ ምክሬ እንዲህ ነው። የእንጀራ ሥራ ሲመጣ ክፍያውን ጠይቁ፤ ቀጥላችሁ ቀለሙን ማን እንደሚወስን ጠይቁ። እናንተ የምትወስኑ ከሆነ ያዙት፤ ትማሩበታላችሁ። ደንበኛው ሁሉን ወስኖ እጃችሁን ብቻ ከፈለገ ግን ለኪራይ ሥሩት። የጥናት ጊዜያችሁን አትስጡት። ሁለቱን አታደባልቁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሶኒያን ያወቀ ወጣት በማግስቱ ሸራውን በክብ ይሞላዋል። እባካችሁ። የእሷ ክብ ከ1914 የፓሪስ መብራት የመጣ ነው። እናንተ የምታዩት መብራት ሌላ ነው። የዛሬ ማስታወቂያ ሰሌዳ አራት ማዕዘን ነው፤ በየሰከንዱ ይለዋወጣል፤ ብርሃኑ ጠርዝ አለው። ከእሷ የምትወስዱት ክቡን አይደለም፤ የአየችበትን መንገድ ነው። ደግሞም ደማቅ ቀለም ብቻ መደርደር እሷን መከተል አይደለም። ሥዕሎቿ ውስጥ የፈዘዙ፣ የነጡ፣ ግራጫ የነካቸው ቦታዎች ሞልተዋል። ሁሉም የሚጮህበት ቦታ ማንም አይሰማም።

ቀሪውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሮበርት በ1941 አረፈ። እሷ ብዙ ዓመት ለእሱ ስም ደከመች፤ የራሷንም ሥራ ቀጠለች። በ1964 በሕይወት እያለች በፓሪሱ የሉቭር ሙዚየም ሥራዋ የቀረበላት የመጀመሪያዋ ሴት ሠዓሊ ሆነች። ወደ ሰማንያ ተጠግታ ነበር። በ1979 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ ሠርታለች።

አብዛኞቻችሁ ሥዕሎቿን የምታዩት በስልክ ነው። ምንም አይደለም። ግን የአንዱን ሥዕል ሦስትና አራት ፎቶ ከተለያየ ቦታ ፈልጉ። ቀዩ በየፎቶው ይለያያል፤ አንዱን ብቻ አይታችሁ አትመኑ። የስልኩን የማታ ሁነታም አጥፉት፤ ሰማያዊውን ይበላዋል። ከዚያ ሜትር ይዛችሁ 250 ሴንቲ ሜትር በ250 ግድግዳ ላይ በኖራ አስምሩ። ፊቱ ቁሙ። "የኤሌክትሪክ ፕሪዝሞች" ያን ያህል ነው፤ ከእናንተ ይበልጣል። ጠጋ ስትሉ ዳር ዳሩን በቀጥታ አታዩትም። የመንገዱ መብራትም እንዲሁ ነው የሚደርሳችሁ፤ ከጎን።