«የመጽሐፍ አቧራ ልታራግፊ ነው ያስተማርኩሽ?»

ይህን ያሉሽ ቡና ነጋዴው አባትሽ ናቸው። በኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተመርቀሽ ጅማ ተቀምጠሻል፤ ልብሽ ያለው አዲስ አበባ፣ የፓርላማው ቤተ መጻሕፍት ዘንድ ነው። እሳቸው ደግሞ ባንክ ግቢ ይላሉ።

እኔ ከምክር ሥራ በፊት የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለነበርኩ ገለልተኛ ነኝ አልልሽም። አባትሽ ግን ተሳስተዋል። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶችን ካቆመ ወዲህ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ሕግ በሕግ ላይ ተደራርቧል። ሕግ የሚታወጅበት ነጋሪት ጋዜጣ መታተም የጀመረው በ1934 ዓ.ም. ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1243 የተተካው በከፊል ነው፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም አብዛኛው ክፍሉ ዛሬም ይሠራል። አንድ አዋጅ አንሥተሽ መጨረሻውን ተመልከቺ፦ ብዙ ጊዜ «ይህን አዋጅ የሚቃረን ማንኛውም ሕግ ተፈጻሚነት አይኖረውም» ብሎ በደፈናው ያልፋል። የትኛው ሕግ? የትኛው አንቀጽ? አዲስ ረቂቅ የቀረበለት የምክር ቤት አባል ይህን ሲጠይቅ የድሮውን ጋዜጣ ከነቁጥሩ አውጥቶ ፊቱ የሚዘረጋለት ባለሙያ ያስፈልገዋል። ይህ አቧራ ማራገፍ ከሆነ ዳኝነትም ወረቀት መፈረም ነው።

ባንክ የተሻለ ይከፍል ይሆናል። ይሁንና አባትሽ ዋጋው እስኪወጣ ቡናቸውን በመጋዘን ለወራት ያቆዩታል፤ ለልጃቸው ሁለት ዓመት መታገሥ የሚከብዳቸው ለምንድን ነው? ይህን ራስሽ ጠይቂያቸው፤ በአክብሮት፣ እናትሽ ባሉበት።

የቤት ኪራይ ላልሽው፣ ከጓደኛ ጋር ተጋሪ። ኮምፒውተር ሥራውን ይወስደዋል ለሚለው ስጋትሽ ደግሞ፣ በስካነር የተነሣ ገጽ በትክክል ካልተመዘገበ ፈልጎ የሚያገኘው የለም።

ኦሮምኛሽን በማመልከቻሽ ላይ ሳትጠቅሺው ማለፍሽ ግን አናዶኛል። የኦሮሚያ ክልል ሕግ ማወጃ ጋዜጣ፣ መገለታ ኦሮሚያ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ ሦስቱን አመሳክሮ የሚያነብ ሰው በየሜዳው አይገኝም። በመጀመሪያው መስመር ጻፊው። ክፍት ቦታ እስኪወጣም እጅሽን አጣጥፈሽ አትቀመጪ፤ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት አንድ የቡና ንግድ አዋጅ መርጠሽ የሻራቸውንና ያሻሻሉትን ሕጎች በአንድ ገጽ አስፍሪና ከማመልከቻሽ ጋር አያይዢው። ቅጂውን ለአባትሽም ስጪያቸው፤ ንግዳቸውን ይመለከታል።