ስለ ሎሚ ለጠየቃችሁን

በዚህ ሳምንት ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ሎሚን የሚመለከቱ በመሆናቸው አምስቱን መርጠን በአንድነት መልሰናቸዋል።

ጥያቄ፦ ዶሮን በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ ጀርም ይገድላል?

መልስ፦ ባለሙያ እናቶቻችን አሥራ ሁለቱን ብልት በሎሚና በጨው እያሹ ውኃው እስኪጠራ የሚያጥቡት ጠረኑን ለማጥፋት ነው፤ ለዚህም ሎሚን የሚተካ አላውቅም። ሳልሞኔላን የመሰሉ ባክቴሪያዎችን የሚገድላቸው ግን የወጡ እሳት ነው። ስለዚህ እጣቢው ለሰላጣ በተዘጋጀ አትክልት ላይ እንዳይረጭ መጠንቀቅ፣ ቢላዋውንና መክተፊያውንም በሳሙና ማጠብ ይገባል።

ጥያቄ፦ በጥሬ ሥጋ ላይ ሎሚ መጭመቅ ከኮሶ ትል ይከላከላል?

መልስ፦ አይከላከልም። የትሉ እጭ በሥጋው ውስጥ ስለሚኖር ሎሚው አይደርስበትም፤ በደንብ የበሰለውን ይብሉ።

ጥያቄ፦ ደም ማነስ አለብሽ ተብዬ የብረት እንክብል ታዝዞልኛል። ሎሚ ይጠቅመኛል?

መልስ፦ አዎን፤ ከሎሚ ጥቅሞች ሁሉ አብልጬ የማደንቀውም ይህንኑ ነው። በምስር፣ በሽሮና በጎመን ውስጥ ያለው ብረት እንደ ሥጋው ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይገባም፤ ቫይታሚን ሲ ግን አንጀታችን በተሻለ መጠን እንዲቀበለው ያደርጋል። በጾም የምንሠራው አዚፋ ለዚህ ጥሩ አብነት ነው፤ ድፍን ምስሩ ተቀቅሎ ከቀዘቀዘ በኋላ በግማሽ ይደፈጠጥና ሰናፍጭ፣ የተከተፈ ሽንኩርትና ቃሪያ ገብቶበት ሎሚ ይጨመቅበታል። ቫይታሚን ሲ በሙቀት ስለሚጎዳ፣ በሽሮና በምስር ወጥም ላይ ቢሆን ሎሚውን ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ፣ ይልቁንም ማዕድ ላይ ይጨምቁት። ሻይና ቡና ብረቱን ስለሚያግዱ ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያቆዩአቸው። የታዘዘልዎትን እንክብል ግን አያቋርጡ።

ጥያቄ፦ ድዴ ይደማል፤ በሎሚ ልሸው?

መልስ፦ ስኮትላንዳዊው የመርከብ ሐኪም ጄምስ ሊንድ በ1747 እ.ኤ.አ. ድድ በሚያደማው በስከርቪ የታመሙ 12 መርከበኞችን በተለያየ መንገድ ሲያክም፣ ፈጥነው ያገገሙት ብርቱካንና ሎሚ የተሰጣቸው ሁለቱ ነበሩ። እነርሱ ግን በሉት እንጂ ድዳቸውን አላሹበትም። ማሸት የጥርስን የላይኛ ሽፋን ይሸረሽራል፤ የብዙዎቻችን ድድ የሚደማውም በጥርስ ሥር በሚጠራቀም ቆሻሻ ስለሆነ የጥርስ ሐኪም ያማክሩ።

ጥያቄ፦ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ አፍልቼ ስለምጠጣ የደም ግፊት መድኃኒቴን ላቁም?

መልስ፦ በፍጹም አያቁሙ። ግፊት ምንም ሕመም ሳያሰማ ለስትሮክ ሊዳርግ ይችላል። መጠጡን ከወደዱት ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ በሰላጣና በዓሣ ላይ ጨው ቀንሶ ሎሚ መጨመር ግን ለግፊትዎ በእርግጥ ይረዳል።