ከማስተማራችሁ በፊት አብራችሁ ጻፉ

ውድ ወጣት መምህራን፣

ዕድሜዬን አማርኛ ሳስተምር ኖሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። አንዳንዶቻችሁ ስንገናኝ "ግጥም ለትንንሽ ልጆች እንዴት ይሰጣል?" ትሉኛላችሁ። መጀመሪያ ራሳችሁ ጻፉ። ደግሞ ብቻችሁን አይሁን፤ ከባልደረቦቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ጻፉ።

በቅኔ ቤት ይህ የቆየ ሥርዓት ነው። የኔታ ራሳቸው ይቀኛሉ፤ የተቀኙትንም ለተማሪው ይፈቱለታል። ተማሪው ሁለት ቤት (ስንኝ) ካላት አጭር የቅኔ ዓይነት፣ ከጉባኤ ቃና ይነሣና ቀስ በቀስ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። የቆጠረውን፣ ማለትም ያዘጋጀውን ቅኔ ይዞ ቀርቦ ይነግራል፣ ይታረማል። የማይቀኝ የቅኔ መምህር ማን ሰምቶ ያውቃል? እኛ ግን ስንኝ ጽፈን ሳናውቅ "ቤት መምቻውን ለዩ" ብለን እናዛለን። በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ጄምስ ግሬይ የተባለ መምህር በ1974 እ.ኤ.አ. የጀመረው የመምህራን የጽሑፍ ፕሮጀክትም የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው፤ መጻፍ የሚያስተምር ራሱ ይጻፍ።

በአንድ ወቅት ከትምህርት በኋላ በመምህራን ማረፊያ ክፍል እየተሰበሰብን እንጽፍ ነበር። የሒሳቡም የሳይንሷም መምህር ይመጡ ነበር። አንድ ቀን ርዕሱ "ደወል" ሆነ። ሳይንስ የምታስተምረው ወጣት እናት እንዲህ ብላ አነበበች፦

ደወሉ ሲደወል ልጄ ትዝ አለችኝ፣
ጠዋት ደጃፍ ቆማ ቻው እማ ያለችኝ።

ሁላችንም ወደድነው። ከዚያ አንዱ ቀስ ብሎ፣ "'አለችኝ'ን በ'ያለችኝ' መታሻት እኮ፤ ቃሉ አንድ ነው" አላት። እውነቱን ነው። እርሳሷን አነሣች። "ቻው ብላ የሸኘችኝ" ብላ ሞከረች። ቀለሙን፣ ማለትም ቃሉ ሲነገር የሚከፈልበትን ድምፅ፣ በጣት ስንቆጥረው ሰባት ሆነ። የጻፈችበት ምት፣ የወል ቤት፣ ደግሞ በየስንኙ ግማሽ ስድስት ስድስት ቀለም ነው የሚሄደው፤ ጆሮም ወዲያው ያውቀዋል። ሰረዘች። ቆይታ "ጉንጬን የሳመችኝ" አለች። ልክ ገባ። ግጥሙም በለጠ፤ ከ"ቻው" ይልቅ ጉንጭ መሳም የልጅቷን ፊት ያመጣል።

በኋላ የአራተኛ ክፍል አማርኛ ደርሷት አንድ ልጅ "መጣ"ን በ"መጣ" መትቶ ቢያመጣላት ቀይ እስክሪብቶ አላነሣችም። የራሷን የመጀመሪያ ስንኝ ሰሌዳው ላይ ጻፈች። ሰባት የሆነባትን አሳየች፣ ሰረዘችው፣ የመጨረሻውን ጻፈች። ልጆቹ ሳይታዘዙ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። መምህር እየሰረዘ ሲጽፍ ያየ ልጅ መሰረዝን እንደ ውድቀት አያየውም። ይህን ከመማሪያ መጽሐፉ አታገኙትም፤ መጽሐፉ የሚያሳየው ያለቀለትን ግጥም ብቻ ነው።

እናንተም ስትጀምሩ ርዕሱ ትንሽ ይሁን። "እናት አገር"፣ "ፍቅር"፣ "ሰላም" ብላችሁ አትነሡ። እንዲህ ያለ ርዕስ ሲሰጠን ሁላችንም አፋችን ላይ ያደረውን አባባል ነው የምናወርደው። የታክሲ ሰልፍ ይሁን፤ የተማሪ ምሳ ዕቃ ይሁን። ልኬቱ ከከበዳችሁ ቡሄ በሉ የሚባለውን ምት ያዙ፤ አራት አራት ቀለም ነው፣ ልጆቹም በነሐሴ ሲጨፍሩ በአፋቸው ለምደውታል።

አንድ ነገር አደራ። ርዕሰ መምህሩ ይህን ስብሰባ የሥራ አፈጻጸም መመዘኛ እንዲያደርገው አትፍቀዱ። ነጥብ ከገባበት ሁሉም ያማረውን ብቻ ይዞ ይመጣል፣ ያልተሳካውን ይደብቃል። የምትማሩት ደግሞ ካልተሳካው ነው። ማንበብ ያልፈለገም አይገደድ። ያ ሰው ጮክ ብሎ ማንበብ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ካሳያችሁ፣ ነገ ክፍል ውስጥ አንገቷን ደፍታ የምትቀመጠውን ልጅ "ነይ ውጪና አንብቢ" ከማለታችሁ በፊት ታስባላችሁ።

ደግሞ ከመካከላችሁ አፉን በአፋን ኦሮሞ፣ በሲዳምኛ ወይም በትግርኛ የፈታ ባልደረባ ካለ በዚያው ይጻፍ፤ መጀመሪያ በራሱ ቋንቋ ያንብብላችሁ፣ ትርጉሙን ከዚያ በኋላ ይንገራችሁ። ክፍላችሁ ውስጥም ቤት ሌላ ቋንቋ እየሰሙ የሚያድጉ ልጆች አሉ። እነሱም የእናታቸውን እሹሩሩ በሰሙበት ቋንቋ ይዘው ይምጡ፤ የአማርኛው ተራ ሲደርስ ምት ምን እንደሆነ አስቀድመው ያውቁታል።