የድሮ ሬዲዮ ድምፅ በኮምፒውተር፦ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የድሮ ሬዲዮ ናፍቆት የያዘው ሰው በዝቷል መሰለኝ። የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ወደዚያው ናቸው።

“ለፖድካስቴ የድሮ ዜና አንባቢ ድምፅ ፈልጌ ሽሽታ (ሽሽሽ የሚለውን የሬዲዮ ጫጫታ) ጨመርኩበት። ግን ሬዲዮ አልመስል አለኝ።”

ከመጨረሻው ጀምረህ ነዋ! መጀመሪያ ቁረጥ። በመካከለኛና በአጭር ሞገድ የሚመጣ ድምፅ ጠባብ ነው፤ ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለው ቀጭን ድምፅ እምብዛም አይደርስም (ኸርዙ በበዛ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል)። ትንሽ ስፒከር ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ አታወጣም። ስለዚህ በኢኳላይዘር (ቀጭንና ወፍራሙን ድምፅ ለይቶ በሚቀንሰው መሣሪያ) ከ300 ኸርዝ በታችና ከ4,000 በላይ ያለውን አውጣው። ቀጥሎ ጮክ ያለውንና ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚያቀራርበው ኮምፕረሰር፣ ከዚያ ድምፁን የሚያሻክረው ዲስቶርሽን፣ ትንሽ። ዲስቶርሽኑ ግን ቀጭኑን ድምፅ መልሶ ስለሚፈጥር፣ ከሱ በኋላ ድጋሚ ቁረጥ። ሽሽታውንም በዚያው አሳልፈው። ያንተን ያጋለጠው ይኸው ይመስለኛል፦ ድምፁ ጠቦ ሽሽታው ሰፊ ሆኖ ቀረ። ስቴሪዮ (ግራና ቀኙ የተለያየ) ከሆነም ወደ ሞኖ (አንድ ወጥ ድምፅ) መልሰው።

“አባዬ ማታ ማታ በአጭር ሞገድ የጀርመን ድምፅን ሲያዳምጥ፣ ድምፁ ሄድ መጣ ይል ነበር። እንዴት ልሥራው?”

ይቺን ጥያቄ ወደድኳት። አጭር ሞገድ አዮኖስፌር ከሚባለው የላይኛው አየር ላይ ነጥሮ ነው የሚመጣው። በተለያየ መንገድ የደረሱት ሞገዶች አንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዴ ይጠፋፋሉ። ቮልዩሙን በእጅሽ ቀስ እያልሽ ከፍ ዝቅ አድርጊው። እኩል እኩል ከሆነ ማሽን መሆኑ ይታወቅብሻል። ድምፁ ሲወርድ ሽሽታውን ከፍ አድርጊ፤ ሞገዱ ሲደክም ሬዲዮው ራሱ ጉልበት ስለሚጨምር ጫጫታውም አብሮ ይነሣል። ቀስ ብሎ የሚሄድ ፍላንጀር (ድምፁን በጥቂቱ ከዘገየ የራሱ ቅጂ ጋር የሚደባልቅ) ጠብ ካደረግሽበት ደግሞ አባዬ ራሳቸው ይሳሳታሉ።

“እምምም የሚለውን የኤሌክትሪክ ድምፅስ ልጨምር?”

ሬዲዮው ግድግዳ ላይ የተሰካ ከሆነ ጨምር። ለኢትዮጵያ 50 ኸርዝና እጥፉ 100፣ ለአሜሪካ 60ና 120 ነው። ከቆረጥክ በኋላ ጨምረው፤ አለዚያ አብሮ ይጠፋል። በባትሪ ድንጋይ ከሆነ ግን የለም። እኛ ቤት ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣው ነበር። ያኔ የሚያሳስበን ዜናው ሳያልቅ ድንጋዩ እንዳያልቅ ብቻ ነው።

“ፕሮግራም መግዛት አለብኝ?”

የለብህም። ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ነፃ ነው፤ የጠቀስኩት አብዛኛው አለው። ካልሆነም አሮጌ ትንሽ ስፒከር ፈልግና ቅጂውን በሱ አጫውተህ፣ ማይክ ፊቱ አስቀምጠህ መልሰህ ቅዳው። ኩሽናም ሆነ ቁም ሣጥን ውስጥ ሞክረው፤ እኔ ከኩሽናው የተሻለ አላገኘሁም።